በአለርጂ ለሚያሳክክ ዐይንና ለሚያብጥ የዐይን ቆብ ምን ይደረግ?

«ዐይኔ እረፍት ነሣኝ። ቀን ያሳክከኛል፣ ጠዋት ስነሣ ደግሞ ቆቡ አብጦ አገኘዋለሁ። የትኛውን ጠብታ ልግዛ?» ይህ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል። የምመልሰው ሁሌም ያው ስለሆነ እዚህ በሙሉ ጽፌላችኋለሁ። የመድኃኒት ጠብታ በአምስተኛው ደረጃ ላይ ነው የሚመጣው። ከእሱ በፊት ያሉትን የዘለለ ሰው ጥሩ ጠብታ ገዝቶም «አልሠራልኝም» ይላል። ስለዚህ በቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ አለርጂ መሆኑን አጣሩ

የአለርጂ ትልቁ ምልክት ማሳከክ ነው። በተለይ በአፍንጫ በኩል ያለው የዐይን ጥግ አላስቀምጥ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ዐይኖች ይያዛሉ። የሚወርደው እንባ ውሃ የመሰለ ነው፤ አንዳንዴ እንደ ክር የሚሳብ ነጭ ዝልግልግ ነገር ይኖረዋል። ማስነጠስና የአፍንጫ ማሳከክ ከተጨመረበት ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

የሚከተሉትን ካያችሁ ግን ሌላ ነገር ጠርጥሩ፦

- ጠዋት ሽፋሽፍትን የሚያጣብቅ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ አር። ብዙ ጊዜ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው።
- ከጉንፋን ጋር በአንድ ዐይን ጀምሮ ከቀናት በኋላ ወደ ሌላው የተሻገረ መቅላት። ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ይተላለፋል፣ ስለዚህ ፎጣና ትራስ ለዩ።
- በአንድ ቆብ ላይ ብቻ የወጣ፣ ሲነኩት የሚያም እብጠት። የዐይን ብጉንጅ ይመስላል።
- ሳያሳክክ የሚያቃጥልና አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁር ዐይን። የዐይን ድርቀት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉልኝ። ጠዋት ጠዋት የሁለቱም ዐይን ቆብ የሚያብጥ፣ ግን የማያሳክክና የማይቀላ ከሆነ «አለርጂ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በተለይ በልጆች ላይ የኩላሊት ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ኩላሊት ፕሮቲን በሽንት ሲያፈስስ ሰውነት ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ የዐይን ቆብ ቆዳ ስስና ልል ስለሆነ ቀድሞ እሱ ያብጣል። እግርም ካበጠ ወይም ሽንት አረፋ ከበዛበት ነገ ዛሬ አትበሉ። ቀላል የሽንት ምርመራ ፍንጩን ይሰጣል።

ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና የምትሄዱበት ጊዜ

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ደረጃዎቹን መሞከር ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፦

- እውነተኛ የዐይን ሕመም፣ ብርሃን መቋቋም አለመቻል ወይም የእይታ መቀነስ።
- የቆቡ እብጠት ትኩሳት ካለው፣ ዐይን ሲያንቀሳቅሱት ካመመ ወይም ዐይኑ ወደ ፊት ከወጣ። ይህ ከዐይን ጀርባ የደረሰ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት።
- ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዐይኑ ቀልቶ ካመመው።
- ኬሚካል ወደ ዐይን ከገባ። መጀመሪያ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ከዚያ ሂዱ። ማጠቡን ለመጀመር የተለየ ውሃ አትፈልጉ።
- ከቆቡ ጋር ከንፈር፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ። ይህ ሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ አለርጂ ነው፤ በጠብታ አይመለስም። ኢናላፕሪልና መሰል የደም ግፊት መድኃኒቶችም እንዲህ ያለ እብጠት ሊያመጡ ይችላሉና የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ፣ ለስላሳና ንጹሕ ፎጣዎች
- ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ
- ሽቶ የሌለው ሳሙና
- ሰው ሠራሽ እንባ (ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገኝ ማለስለሻ ጠብታ)
- ፀረ አለርጂ የዐይን ጠብታ፣ ለምሳሌ ኬቶቲፈን ወይም ኦሎፓታዲን
- ጎንን ጭምር የሚሸፍን መነፅር
- ማስታወሻ መያዣ፣ ስልካችሁም ይበቃል

ደረጃዎቹ

1. እጃችሁን ከዐይናችሁ አንሡ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚጠቅመውም ይኸው። በቆቡ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል የያዙ ሕዋሳት አሉ። አለርጂ ሲነሣ ሂስታሚኑን ይለቁታል። የሚያሳክከውም፣ የሚያቀላውም፣ የሚያሳብጠውም በዋናነት እሱ ነው። ዐይናችሁን ስታሹት እነዚሁ ሕዋሳት በግፊቱ ተጨማሪ ሂስታሚን ያፈስሳሉ። ለጥቂት ሰከንድ ደስ ይላል። ከዚያ ማሳከኩ ብሶበት ይመጣል፣ እናንተም ደግማችሁ ታሻላችሁ። አዙሪቱ የሚቋረጠው እጅ ሲያርፍ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ዐይንን ለዓመታት በኃይል ማሸት ኬራቶኮነስ ከሚባል ችግር ጋር ይያያዛል። የዐይን የፊተኛው ግልጽ ሽፋን እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል፣ እይታም ይዛባል። ልጃችሁ ቀኑን ሙሉ ዐይኑን የሚያሽ ከሆነ «ልማድ ነው፣ ያድግበታል» ብላችሁ አትተዉት።

«አትሹ» ማለት ብቻውን እንደማይሠራ አውቃለሁ። ስለዚህ ለእጃችሁ ሌላ ሥራ ስጡት። ማሳከኩ ሲነሣ ዐይናችሁን ጨፍኑና በደረጃ 3 የምነግራችሁን ቀዝቃዛ ጨርቅ ሳትጫኑ አሳርፉበት። ጨርቅ ከሌለ አንድ ጠብታ ሰው ሠራሽ እንባ ጨምሩ። የልጆችን ጥፍር አሳጥሩ፤ በእንቅልፍ ልባቸውም ያሻሉና።

2. እጃችሁን፣ ፊታችሁንና የቆባችሁን ጠርዝ ታጠቡ

አለርጂውን ያመጣው ብናኝ ገና ሽፋሽፍታችሁ ላይ፣ ፀጉራችሁ ላይና ጣታችሁ ላይ ነው። እሱ ሳይነሣ የምትጨምሩት መድኃኒት እየፈሰሰ ካለ ቧንቧ ሥር ወለል እንደ መወልወል ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ ሳሙናውን ወደ ዐይን አታስጠጉ። በፎጣ ስታደርቁት ነካ ነካ እያደረጋችሁ ይሁን፤ መፈተግ ራሱ ማሸት ነው።

ኮንታክት ሌንስ ካደረጋችሁ አሁኑኑ አውጡት። ብናኝ ሌንሱ ላይ ተጣብቆ ዐይን ላይ ይከርማል። ዐይናችሁ እስኪነጣ ድረስ በመነፅር ቆዩ። ሌንስን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው፣ በውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ከባድ የዐይን ኢንፌክሽን ያመጣሉ።

3. ቀዝቃዛ ጨርቅ አሳርፉበት

ንጹሕ ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ጨምቁ። ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አሳርፉት። ሲሞቅ ደግማችሁ ንከሩት። በቀን ብዙ ጊዜ ብታደርጉት ጉዳት የለውም። ቅዝቃዜው የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ስለዚህ ወደ ቆቡ የሚፈስሰው ውሃ ይቀንሳል፤ የማሳከክ ስሜትንም ያደነዝዛል። በረዶ መጠቀም ከፈለጋችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት። የቆቡ ቆዳ ከሰውነት ሁሉ ስስ ስለሆነ በረዶ በቀጥታ ሲያርፍበት ይጎዳል።

ሙቅ ጨርቅ ለዐይን ብጉንጅ ጥሩ ነው። ለአለርጂ ግን የደም ሥሮቹን ያሰፋና እብጠቱንም ማሳከኩንም ይጨምራል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

ጠዋት እብጠቱ የሚብሰው ሌሊቱን በጀርባችሁ ስትተኙ ውሃው ፊት ላይ ስለሚጠራቀም ነው። ራሳችሁን በተጨማሪ ትራስ ከፍ አድርጋችሁ ተኙ።

አንዳንድ ሰው ዐይኑን ካሸ በኋላ ነጩ የዐይን ክፍል ግልጽ ጄሊ መስሎ ያብጥበታል፤ በመስታወት ሲያየው ይደነግጣል። ሕመምና የእይታ ለውጥ ከሌለው ይህም ውሃ ያዘለ እብጠት ነው። በቀዝቃዛ ጨርቅ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

4. በሰው ሠራሽ እንባ እጠቡት

ከውጭ የታጠበው ዐይን ከውስጥም መታጠብ አለበት። ሰው ሠራሽ እንባ ብናኙን ያጥባል፣ እንባ ውስጥ ያለውን ሂስታሚንም ያቀጥናል። አንድ ጠብታ በእያንዳንዱ ዐይን ይበቃል። ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጡት ቅዝቃዜው ተጨማሪ እፎይታ ይሰጣል፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አታስገቡት።

በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ዓይነት ጠይቁ። ብዙ ጠብታዎች ውስጥ ያለው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባለው ማቆያ ሲደጋገም ራሱ ዐይንን ያስቆጣል። ለስላሳ ሌንስም ይመጠዋል።

5. ፀረ አለርጂ ጠብታውን ጨምሩ

አሁን ተራው የመድኃኒቱ ነው። ከሰው ሠራሽ እንባው በኋላ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል፣ ወይም ሁለቱም ጉንጫችሁ ላይ ይፈስሳሉ።

ኬቶቲፈንና ኦሎፓታዲን በሁለት መንገድ ይሠራሉ። የተለቀቀውን ሂስታሚን ይከላከላሉ፣ ሕዋሳቱም ተጨማሪ እንዳይለቁ ያረጋጓቸዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ማሳከኩን ያበርዱታል። የተለመደው አወሳሰድ እንዲህ ነው፦

- ኬቶቲፈን 0.025 በመቶ፦ አንድ ጠብታ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ልዩነት።
- ኦሎፓታዲን 0.1 በመቶ፦ አንድ ጠብታ በቀን 2 ጊዜ።
- ኦሎፓታዲን 0.2 በመቶ፦ አንድ ጠብታ በቀን 1 ጊዜ።

በጥቅሉ ላይ የተጻፈው ከዚህ ከተለየ የእሱን ተከተሉ። ስትጨምሩት ለአፍታ ሊቆጠቁጥ ይችላል፣ ያልፋል። ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳይጠየቅ አይሰጥ።

ክሮሞግሊኬት የሚባል ሌላ ጠብታም አለ። እሱ የሚሠራው ሕዋሳቱ ሂስታሚን እንዳይለቁ አስቀድሞ በመከላከል ብቻ ስለሆነ ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ በቀን 4 ጊዜ ይደረጋል። አለርጂያችሁ የሚነሣበት ወቅት የታወቀ ከሆነ ከዚያ በፊት ጀምሩት። ዛሬ አሳክኮኝ ዛሬ ይሻለኝ ለሚል ሰው አይሆንም።

አጨማመሩን በትክክል ሥሩት፣ ብዙ መድኃኒት የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና፦

ሀ. እጃችሁን ታጠቡ። ጠርሙሱ ይነቅነቅ የሚል ከሆነ ነቅንቁት።
ለ. ራሳችሁን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉ፣ ወይም ተኙ።
ሐ. የታችኛውን ቆብ በጣታችሁ ወደ ታች ሳብ አድርጉ። ትንሽ ኪስ ትፈጠራለች፣ ጠብታው የሚያርፈው እዚያ ነው።
መ. የጠርሙሱ ጫፍ ዐይንንም ሽፋሽፍትንም ሳይነካ አንድ ጠብታ ጣሉ። ከነካ ጀርም ወደ ጠርሙሱ ይገባል።
ሠ. ዐይናችሁን በቀስታ ጨፍኑ። አትጭመቁ፣ አታርገብግቡ። በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በጣት ጫፍ ለ1 ወይም 2 ደቂቃ ያዙት። እዚያ ወደ አፍንጫ የሚወስድ የእንባ ቦይ አለ። ካልተያዘ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፣ አፋችሁንም ይመርረዋል።

ሁለት ጠብታ መጨመር አይጠቅምም። ዐይን የሚይዘው ከአንድ ጠብታም ያነሰ ነው፣ ትርፉ ይፈስሳል። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጠርሙስ የያዘውን እጅ ግንባራችሁ ላይ አስደግፉ። ዐይኑን አልከፍት የሚል ልጅ ደግሞ በጀርባው አስተኙት፣ ዐይኑን እንደጨፈነ በአፍንጫ በኩል ያለው ጥግ ላይ ጣሉለት። ሲከፍት ራሱ ይገባል፣ ትግልም የለም።

ጠርሙሱን የከፈታችሁበትን ቀን በላዩ ጻፉ። ጥቅሉ ሌላ ካላለ ከ4 ሳምንት በኋላ ጣሉት። ሌንስ ለመመለስ ከጠብታው በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ያውም ዐይናችሁ ካልቀላ ብቻ።

6. አፍንጫም ካስቸገረ የሚዋጥ መድኃኒት አስቡ

ዐይን ብቻ ከሆነ ጠብታው በቂና ፈጣን ነው። ማስነጠስና የአፍንጫ ፈሳሽ ካለ ግን ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን 10 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ለአዋቂ ሰው ይረዳል። የቆዩት ዓይነቶች፣ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት፣ እንቅልፍ ያመጣሉ። ወስዳችሁ መኪና አትንዱ። የሚዋጥ ፀረ ሂስታሚን ዐይንን ሊያደርቅ ስለሚችል ሰው ሠራሽ እንባውን አታቋርጡ።

7. የቆቡን ቆዳ ተመልከቱ

ቆቡ ከመቅላትና ከማበጥ አልፎ ከደረቀ፣ ከተቀረፈ ወይም ከተሰነጣጠቀ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አየር ላይ ያለ ብናኝ ሳይሆን ቆዳውን የነካ ነገር ነው። ኩል፣ ክሬም፣ ሽቶ፣ ሻምፑ፣ የፀጉር ቀለም፣ የዐይን ጠብታው ራሱም ሊሆን ይችላል። ብዙዎች የማይጠረጥሩት የጥፍር ቀለም ነው። የጣት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ምንም አይሆንም፣ በዚያው ጣት የተነካው ስስ ቆብ ግን ይቆጣል።

የዐይን አካባቢ መዋቢያ በሙሉ ለ2 ሳምንት አቁሙ። የደረቀውን ቆዳ በጣም ስስ በሆነ ንጹሕ ቫዝሊን አለስልሱ። ከተሻላችሁ በኋላ መዋቢያዎቹን አንድ በአንድ፣ በሳምንት ልዩነት መልሱ። ሁሉንም በአንዴ ከመለሳችሁ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የቆየ ማስካራ፣ በተለይ ከ3 ወር ያለፈው፣ ይጣል።

8. ምን እንደሚያነሣባችሁ ለዩ

ለሁለት ሦስት ሳምንት ሲያሳክካችሁ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ምን ትሠሩ እንደነበር መዝግቡ። በዓመቱ የተወሰነ ወቅት ብቻና ከቤት ውጭ የሚብስ ከሆነ የአበባ ብናኝ ጠርጥሩ። ዓመቱን ሙሉ ካለና ጠዋት ከአልጋ ስትነሡ የሚብስ ከሆነ በፍራሽና በትራስ ውስጥ የሚኖሩ በዐይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ይሆናሉ። እንስሳ ካለበት ቤት ገብታችሁ የሚነሣ፣ ወይም እርጥበት ካለበት ክፍል የሚነሣ (ሻጋታ) ከሆነ መልሱን ራሱ ነገራችሁ።

ለአበባ ብናኝ፦ ነፋስ ባለበት ቀን መስኮት ዝጉ፣ ጎን የሚሸፍነውን መነፅር አድርጉ፣ የታጠበ ልብስ ውጭ አታስጡ። ከመተኛታችሁ በፊት ፀጉራችሁን ታጠቡ፣ አለዚያ ቀኑን የሰበሰባችሁትን ብናኝ ትራሳችሁ ላይ ታራግፉታላችሁ።

ለአቧራ ተባይ፦ አንሶላና የትራስ ልብስ በሳምንት አንድ ጊዜ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ይታጠብ። ቀዝቃዛ ውሃ ተባዮቹን አይገድልም። ወለልና ዕቃ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ወደ አየር ያነሣዋል፣ ከአየር ደግሞ ወደ ዐይን ነው። ሁሉንም ክፍል መቆጣጠር ካልቻላችሁ መኝታ ክፍሉን አስቀድሙ፣ ከቀኑ ሲሦውን የምታሳልፉት እዚያ ነው። እንስሳውም ከመኝታ ክፍል ይውጣ።

ጭስ፣ የሲጋራም የሌላም፣ የተቆጣ ዐይንን ያባብሰዋል። ራቁት።

ማስጠንቀቂያ

ዐይን የሚያነጣ ጠብታ። ናፋዞሊን ወይም ቴትራሃይድሮዞሊን ያለባቸው ጠብታዎች የደም ሥርን ጨምቀው መቅላቱን ለሰዓታት ይደብቁታል፣ የአለርጂውን ምክንያት ግን አይነኩትም። ከ3 ቀን በላይ ከተጠቀማችሁ ስታቆሙ ዐይኑ ከበፊቱ ብሶ ይቀላል። ሕፃን ከዋጣቸው በትንሽ መጠንም አደገኛ ናቸውና ከልጆች አርቁ። አንዳንድ ፀረ አለርጂ ጠብታዎች ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚገኙ ጥቅሉን አንብቡ።

ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ። ስለዚህኛው አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለባቸው ጠብታዎች፣ ከአንቲባዮቲክ ጋር የተቀላቀሉትም ጭምር፣ ማሳከኩን በፍጥነት ያጠፋሉ። ሰው የሚወዳቸውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የዐይን ግፊትን ከፍ አድርገው ግላኮማ (የዐይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ)፣ ሲቆዩም የዐይን ሞራ ሊያመጡ ይችላሉ። ግፊቱ ሲጨምር ብዙ ጊዜ ምንም ስሜት የለውም፤ የጠፋው እይታም አይመለስም። በዐይን ውስጥ የሄርፐስ ቫይረስ ወይም ፈንገስ ካለ ደግሞ ያባብሱታል። እነዚህን የሚያዝና ግፊቱን እየለካ የሚከታተል የዐይን ሐኪም ብቻ ይሁን። ጎረቤት ወይም ዘመድ «ለእኔ በአንድ ቀን ነው የተሻለኝ» ብሎ የሰጣችሁን ጠብታ ስሙን ሳታነቡ አትጨምሩ። ለቆብ ቆዳ የሚቀባ የስቴሮይድ ቅባትም በራሳችሁ አትጀምሩ።

ለዐይን ተብሎ ያልተዘጋጀ ማንኛውንም ፈሳሽ ዐይን ውስጥ አታድርጉ። ከተፈጥሮ መገኘቱ ከጀርም ንጹሕ አያደርገውም።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

- ማሳከኩ ሲበርድ በሁለተኛው ቀን ጠብታውን ማቆም። አለርጂውን የሚያነሣው ነገር አካባቢያችሁ እስካለ ድረስ ቀጥሉ።
- ለአለርጂ የአንቲባዮቲክ ጠብታ መግዛት። የሚገድለው ባክቴሪያ የለም፣ ለውጥም አይኖርም።
- አንድ ጠርሙስ ለቤተሰብ በሙሉ መጠቀም።

ካልተሻላችሁ

ሁሉንም በትክክል ሠርታችሁ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ግልጽ ለውጥ ከሌለ የዐይን ሐኪም ይያችሁ። ልጅ ከሆነና ማሳከኩ ከባድ፣ ብርሃን የሚያስፈራው፣ በየዓመቱ የሚመለስ ከሆነ ሳምንትም አትጠብቁ። በልጆች ላይ የሚከሰት ከበድ ያለ የዐይን አለርጂ አለ፤ በሞቃትና ደረቅ አየር በብዛት ይታያል፣ ወንዶች ልጆችን ይበልጥ ይይዛል። ካልታከመ ኮርኒያውን፣ ማለትም የዐይንን የፊተኛ ግልጽ ሽፋን፣ ሊያቆስል ይችላል።

ስትሄዱ እስካሁን የተጠቀማችሁባቸውን ጠብታዎችና ክሬሞች በሙሉ ከነጥቅላቸው ያዙ። ቆቡ በጣም ባበጠበት ጠዋትም በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ እብጠቱ ጎድሎ ሊሆን ይችላል፣ ፎቶው ግን ያሳየዋል።